ካሜራው አሁንም በርቷል፤ በአየርላንድ ገጠር በኮቪድ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችሁ እንዴት ነበር?

የሜዮ አስታማሚ

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ መድረክ አየርላንድ የምንኖር ካቶሊኮች እንዳለን ስለማውቅ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቁምስናችን (የአጥቢያችን) ምክር ቤት ቅዳሴውን በኢንተርኔት ስለሚያስተላልፈው ካሜራ «ይነሣ ወይስ ይቆይ?» ብሎ ምእመናኑን ጠየቀ። ክርክሩ ከጠበቅኩት በላይ ከረረ፤ አንዲት ሴትዮ አለቀሱ። ወደ ቤቴ ስመለስ ስለ እነዚያ ወራት ለማንም ሰው በአማርኛ አውርቼ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ።

የምሠራው ምሥራቅ ሜዮ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። (ዓመትና ወሩን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ማርች 12 ቀን 2020 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊዮ ቫራድካር ከዋሽንግተን ሆነው ትምህርት ቤቶች እንደሚዘጉ ሲናገሩ ተረኛ ነበርኩ። የቅዱስ ፓትሪክ ሰልፍ ቀድሞ ተሰርዟል። ማርች 27 ደግሞ ከቤት ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ መራቅ ተከለከለ፤ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ ሁሉ ከደጃቸው እንዳይወጡ ተነገራቸው። እዚህ አገር ከ70 ያለፉት እነማን ናቸው? ከካህናቱ ግማሾቹ ናቸው ብል ብዙም አላጋነንኩም። የእኛም ቆሞስ (የቁምስናው ካህን) 74 ዓመታቸው ነበር። ደግነቱ ቤታቸውና ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ ስለሆኑ በጓሮ በር ብቻቸውን እየገቡ ይቀድሱ ነበር።

ካሜራው ከወረርሽኙ በፊትም ነበረ። የተተከለው አሜሪካና አውስትራሊያ የሄዱ ልጆች የወላጆቻቸውን ቀብር እንዲያዩበት ነው። ከሰገነቱ ላይ ቁልቁል ስለሚያይ አግዳሚ ወንበሮቹ ከጀርባ ይታያሉ። እኛ ጋ ጠያቂ ጭራሽ አይገባም ነበርና እሑድ እሑድ አረጋውያኑን ሳሎን ውስጥ አራርቀን አስቀምጠን ቅዳሴውን በቴሌቪዥኑ እንከፍትላቸዋለን። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ነበሩ። በየሳምንቱ ጣታቸውን ወደ ባዶው አዳራሽ ይቀስሩና «ከግራ ሦስተኛው፣ ምሰሶው አጠገብ፣ የእኔ ነው። ማንም አልወሰደብኝም» ይሉ ነበር። ካህኑ «ሰላም ከእናንተ ጋር ይሁን» ሲሉ ድምፃቸው ግድግዳ መትቶ ይመለሳል፤ ሳሎኑ ውስጥ ያሉት በአንድ ድምፅ ይመልሱላቸዋል። እሳቸው ግን አይሰሙም።

ቁርባኑ በጸሎት ብቻ፣ በመንፈስ ነበር። ጸሎቱ ሲነበብ እነዚያ እናት ምላሳቸውን አውጥተው ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው ቀን ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ፊቴን አዞርኩ።

የእናንተስ?


ካቫን ያለሁ

እህቴ፣ ጥሩ ነገር አነሣሽ። እኔ ያለሁበት አውራጃ የዚህ ታሪክ መፋጠጫ ነበር ማለት ይቻላል። ሙላሆራን በተባለች መንደር ካህኑ ሕዝብ ባለበት ቀድሰዋል ተብለው በ2021 ጸደይ 500 ዩሮ ተቀጥተዋል። ፖሊሶች እሑድ ጠዋት መንገድ ላይ ቆመው «ወዴት ነው?» ይሉን ነበር። ወተት ልገዛ ብትል ታልፋለህ፤ ላስቀድስ ብትል ትመለሳለህ። ወተት የገዛሁበትን ብዛት እግዚአብሔር ይቁጠረው።


ነገረ ፈጅ ባልሆንም

ቀኖቹ በብዙ ሰው አእምሮ ስለተደባለቁ ላስተካክላቸው። ሕዝብ የሚገኝበት ቅዳሴ ከማርች አጋማሽ 2020 ጀምሮ ቆመ። የመጀመሪያው ዕቅድ ጁላይ 20 ይከፈት የሚል ነበር፤ ወደ ጁን 29 አቀረቡት፣ 50 ሰው ብቻ። ኦክቶበር 7 አገሩ በሙሉ የክልከላው ሦስተኛ ደረጃ ውስጥ ሲገባ እንደገና ተዘጋ። ዲሴምበር 1 ተከፈተ። ከገና ማግስት እንደገና ተዘግቶ የተከፈተው ሜይ 10 ቀን 2021 ነው። ሁለት ፋሲካ፣ አፕሪል 12 ቀን 2020 እና አፕሪል 4 ቀን 2021፣ ያለ ሕዝብ አለፈ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ሱፐርማርኬቱም የመጠጥ መሸጫ ሱቁም ክፍት ነበሩ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሃይማኖትን በነጻነት ማምለክን ያረጋግጣል። ስኮትላንድ ውስጥ ዳኛ ማርች 2021 ላይ ክልከላው ሕገ ወጥ ነው ብለው ፈረዱ። እዚህ ነጋዴው ዴክላን ጋንሊ ጉዳዩን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወስደውት ነበር፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደራረብ በሩ ራሱ ተከፈተ። ይባስ ብሎ አፕሪል ላይ የጤና ሚኒስትሩ ስቲፈን ዶኔሊ አዲስ ደንብ አወጡ፤ የአርማ ሀገረ ስብከት ሊቀ ጳጳሳት ኢመን ማርቲን በይፋ ተቃወሙት። ጳጳሳቱ ዓመት ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ሲታዘዙ የከረሙ ሰዎች መሆናቸውን አትርሱ። እነሱን ማስቆጣት ራሱን የቻለ ችሎታ ይጠይቃል።


ጎልዌይ ነርስ ነኝ

አንቀጽ 44ን የጠቀሱት ወንድሜ የአንቀጹን ጫፍ ትተውታል። ነጻነቱ ለሕዝብ ሥርዓትና ለግብረ ገብ ተገዥ እንደሆነ እዚያው ተጽፏል።

ጃንዋሪ 2021ን ላስታውስዎ። በወሩ የመጀመሪያ ሳምንታት አየርላንድ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር በየቀኑ በሚያዙ አዳዲስ ሰዎች ከዓለም ቀዳሚ የሆነችበት ጊዜ ነበር። ዎርዳችን ውስጥ አልጋ ለማግኘት እንዴት እንደነበርን አሁን አልተርክም። ቅዳሴው አመጣው አላልኩም። የገና ድግሱ፣ ቤት ለቤት መዞሩ፣ ምግብ እያቀረቡ የተከፈቱት መጠጥ ቤቶች ናቸው። ነገር ግን በገጠር ቅዳሴ ማለት ቅዳሴ ብቻ አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ አርባ ደቂቃ ቆመው ስለ ከብትና ስለ ዝናብ ያወራሉ። ያ አርባ ደቂቃ ነው የሚያስፈራኝ የነበረው። ያ አርባ ደቂቃ ነው የናፈቀኝም።


ነገረ ፈጅ ባልሆንም

የአንቀጹን ጫፍ ያስታወሱኝ ትክክል ነው። እኔ የምለው ግን ይህን ነው፦ ክልከላው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ የተናቅንበት መንገድ ግን ተገቢ አልነበረም።


ድንበር ላይ

እኔ ሞናሃን ነኝ። የእኛን ያህል ግራ የተጋባ ቁምስና ያለ አይመስለኝም። የክሎኸር ሀገረ ስብከት አንዱ ወገኑ ሞናሃን፣ በሪፐብሊኩ ውስጥ ነው፤ ሌላው ወገኑ ፈርማና፣ በሰሜን አየርላንድ። ጳጳሱ አንድ፣ ጸሎቱ አንድ፣ መንግሥቱ ሁለት። በ2021 ከፋሲካ በፊት በሰሜን በኩል ቤተ ክርስቲያናቱ ለምእመናን ተከፈቱ፤ በእኛ በኩል እንደተዘጋ ቀረ። የጎረቤቴ ላሞች የሚግጡበት ሜዳ ከድንበሩ ማዶ ነው፤ ላሞቹን ለማየት መሻገር ይችላል፣ ለመቁረብ ግን አይችልም። እሱ ግን ላሞቹን ሁልጊዜ በትንሣኤ እሑድ ጠዋት፣ ከረባት አስሮ ነው የሚያያቸው።


እምድብር ነው ቤቴ

ከዚህ ከጉራጌ ሆኜ በዝምታ ሳነብ ነበር። ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ። አየርላንዳዊ ካህን አንድ ጊዜ እኛ ጋ መጥተው ስለ «ቅዳሴ ድንጋይ» ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በወረርሽኙም ጊዜ ሰዎች ያንን ያነሡ ነበር ይባላል። ምንድን ነው?


የሜዮ አስታማሚ

ወንድሜ፣ እንግሊዞች በካቶሊኮች ላይ የቅጣት ሕጎች ባወጡበት ዘመን፣ በተለይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ18ኛው፣ ካህናት ይሳደዱ ስለነበር ሕዝቡ ገደል ሥር ወይም ሜዳ ላይ ባለ ትልቅ ድንጋይ ዙሪያ ተሰብስቦ ያስቀድስ ነበር። ድንጋዩ እንደ መንበር ያገለግላል፤ ወጣቶች ኮረብታ ላይ ሆነው ወታደር እንዳይመጣ ይጠብቃሉ። ካቶሊኮች ፓርላማ ለመግባት እንኳ የተፈቀደላቸው በ1829 ነው። ድንጋዮቹ ዛሬም አሉ፤ እኛ ጋ አንዱ ከመንደሩ በእግር ግማሽ ሰዓት ይወስዳል።

አዎ፣ በ2021 «አባቶቻችን በድንጋይ ላይ ቀደሱ፣ እኛ ግን በሩን ዘጋን» የሚል ንግግር በብዛት ይሰማ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔን ያናድደኝ ነበር። ያኔ ወታደሩ የሚመጣው ካህኑን ሊይዝ ነው። አሁን በሩ የተዘጋው የእኔ አረጋውያን መተንፈስ እንዲችሉ ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ ለአባቶችም ክብር አይሆንም። ካቫን ያሉት ወንድሜ እንዳይቀየሙኝ።


ካቫን ያለሁ

አልቀየምም። ግን ድንጋዩ ጋ ሄጄ መቁጠሪያ ደግሜያለሁ፤ ብቻዬን፣ ያኔ የተፈቀደው አምስት ኪሎ ሜትር ሳይሞላ። ይህም ተከለከለ እንዳትዪኝ።


ኬሪ ገበሬ ቤት

እኔ የምኖረው በባለቤቴ ወላጆች እርሻ ላይ ነው። እስካሁን ማንም ያላነሣው የቤት ለቤት ቅዳሴ ነው። በምዕራቡና በደቡቡ ገጠር መንደሩ በክፍል ተከፍሎ ካህኑ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ በተራ በአንድ ሰው ቤት ይቀድሳሉ። እሱም ከዚያው ከስደቱ ዘመን የተረፈ ልማድ ነው። ተራው የደረሰው ቤት ለወራት ይዘጋጃል፤ ግድግዳ ይቀባል፣ መጋረጃ ይለወጣል። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ መንበር ይሆናል። ቅዳሴው ሲያልቅ ያ ጠረጴዛ ሻይ፣ ኬክና ለወንዶቹ ትንሽ ውስኪ ይሸከማል። የእኛን ማኅበር የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ጽዋው ብቻ ነው የጎደለው። (ውስኪው ጽዋውን ይተካል የሚል ካለ አልከራከርም።)

በ2020 ተራው የአማቴ ነበር። ከየካቲት ጀምረው ቀለም ሲያስቀቡ ከርመዋል። ከዚያ ቀረ። በ2021ም ቀረ። ሦስተኛው ዓመት ላይ «አሁን ደግሞ አርጅቻለሁ፣ ለሌላ ስጡት» አሉ። የሚቀበል ቤት ጠፋ። አሁን በእኛ ሠፈር ቅዳሴው የሚደረገው በቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ሰው አልቆ አይደለም፣ ሁለት ዓመት ሲቋረጥ ድፍረቱ ስለጠፋ ነው። ወጥ ቤቱ ግን አሁንም በዚያው ነጭ ቀለም አለ።


ከደብሊን ታዛቢ

ሁላችሁም ወረርሽኙ ላይ አላከካችሁት። በ2016 ቆጠራ 78 በመቶው ራሱን ካቶሊክ ብሎ ነበር፤ በ2022 ወደ 69 ወርዷል። ይህ በሁለት ዓመት ካሜራ የመጣ አይደለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በ2018 የኖክን የማርያም መቅደስና የደብሊኑን ፊኒክስ ፓርክ ሲጎበኙ የመጣው ሕዝብ በ1979 ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ሲመጡ ከነበረው ጋር እንደማይወዳደር ሁላችንም አይተናል። ሰው ቀድሞውኑ መሄድ ፈልጎ በሩን እያየ ነበር፤ ኮቪድ መጥቶ በሩን ከፈተለት። ወይም ዘጋለት። የቱ እንደሚሻል እናንተ ንገሩኝ።


ጎልዌይ ነርስ ነኝ

ቁጥሩ ትክክል ነው። ግን «ካቶሊክ ነኝ» ማለትና እሑድ አግዳሚው ላይ መቀመጥ ሁለት ነገር ነው። በእኛ መንደር ከወረርሽኙ በኋላ ያልተመለሱት ሃይማኖቱን የተዉት አይደሉም። ዕድሜያቸው ከ75 በላይ የሆኑ፣ መኪና መንዳት ያቆሙ፣ ሶፋቸው ላይ ሆነው ማየት የለመዱ ናቸው። ወጣቱማ ቀድሞም አልነበረም። በአስተናጋጅነት በር ላይ ቆሜ እጅ ሳኒታይዘር ስቀባና ሰው ስቆጥር ስለነበር ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ አውቃለሁ። ሃምሳኛውን ሰው አስገብቼ ሃምሳ አንደኛዋን የመለስኩበትን እሑድ አልረሳውም። የምታጸዳው ሴት ነበረች፤ ማታ ማታ አግዳሚውን በመድኃኒት የምትወለውለው።


የሁለት ልጆች እናት

የእኔ ልጅ በ2020 ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ለማታውቁ፣ እዚህ ከመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 90 በመቶ የሚጠጉት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር ስለሆኑ የመጀመሪያ ቁርባን የሚሰጠው ከክፍል ጓደኞች ጋር፣ በሜይ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሶ ነው። ቀሚሱን ፌብሩዋሪ ላይ ገዛን። ሜይ አለፈ። ሴፕቴምበር ላይ ሲፈቀድ አራት አራት ልጆች እየሆኑ፣ አንድ ቤተሰብ በአንድ አግዳሚ፣ መዝሙር የለም። ቀሚሱ ደግሞ አጠራት፤ ካልሲዋ በጭቃ የተነከረ ጉልበቷን አልሸፍን አለ። አያቷ ከአዲስ አበባ በካሜራው አዩ። «ልጅቷ ቁመቷ ነው ወይስ ቀሚሱ ነው?» ብለው ደወሉ።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የባሰ ውዝግብ ነበር። መንግሥት ሥነ ሥርዓቱ ይቆይ አለ፤ የኤልፊኑ ጳጳስ ኬቨን ዶራንና ሌሎች ጥቂት ጳጳሳት በኦገስት እንቀጥላለን አሉ። የእኛ ቄስ ሁለቱንም ላለማስቀየም ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በሳምንቱ ተራ ቀን ለየብቻ ሰጡ። ታናሽዋ የቆረበችው ማክሰኞ ቀን ከትምህርት በፊት ነው። እስካሁን የማክሰኞ ካቶሊክ ነኝ ትላለች።


ካቫን ያለሁ

ስለ መኪና ማቆሚያው ቅዳሴስ ማንም አያወራም? በከብት ገበያው ግቢ፣ ካህኑ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ፣ እኛ መኪናችን ውስጥ መስኮት ዘግተን በኤፍኤም ሬዲዮ እየሰማን። ሰላምታ ተለዋወጡ ሲባል ሁሉም ጡሩምባ ነፋ። በረት ውስጥ የቀሩት በሬዎች መለሱ።


የሜዮ አስታማሚ

ሳቄን ለቀቅሁት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ወደ ቀብሩ ልመለስ፣ ሳልጽፈው የቆየሁት እሱን ነው።

እዚህ አገር ለቅሶ ከእኛ ለቅሶ ምን ያህል እንደሚቀራረብ ያየ ያውቃል። ሬሳው ቤት ይገባል። ጎረቤት ሳንድዊች ይዞ ይመጣል፤ ሰው በሰልፍ እየገባ የሐዘንተኛውን እጅ እየጨበጠ «ስለ ደረሰባችሁ አዝናለሁ» ይላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይቀበራል፤ በወሩ የመታሰቢያ ቅዳሴ አለ። ጉድጓዱን ጎረቤቶች የሚቆፍሩበት ቦታ እስከ ዛሬ አለ። የሜዮ ሰዎች የጌሊክ (የአየርላንድ ባህላዊ) እግር ኳስ ዋንጫ ካነሡ ከ1951 ወዲህ ዘመን ተቆጥሯል፤ በአፈ ታሪኩ ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ቡድኑ ዋንጫውን ይዞ ሲመለስ ፎክስፎርድ ላይ ቀብር አጋጥሞት ሳያከብር አልፎ ካህኑ «የዚህ ቡድን ተጫዋቾች ሁሉ እስኪሞቱ ዋንጫ አታገኙም» ብለው ረገሙት ይባላል። ከዚያ ቡድን የመጨረሻው ተጫዋች ሴፕቴምበር 2021 አረፉ፤ ዋንጫው ግን እስካሁን አልመጣም። ቀብርን እንዲህ የሚፈራ ሕዝብ ነው «አሥር ሰው ብቻ» የተባለው። አሥር ልጆች የወለደች እናት ብትሞት ልጆቿ ቁጥሩን ሞሉት፤ ምራት የለ፣ ወንድም የለ።

ሰው ግን መላ አላጣም። የሞት ማስታወቂያዎች የሚወጡበት አር አይ ፒ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሬሳው በየት በኩል እንደሚያልፍ ይጻፋል። ሰዉ በየደጁ፣ ተራርቆ፣ በዝናብ ቆሞ ይጠብቃል። መኪናው ቀስ ብሎ ያልፋል። እጅ መጨበጥ ስለሌለ ወንዶቹ እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ኮፍያቸውን ሲያሽከረክሩ ይታያሉ።

ያቺ «ከግራ ሦስተኛው የእኔ ነው» የሚሉት እናት ጃንዋሪ 2021 አረፉ። ካህኑ ሙሉ መከላከያ ለብሰው ገብተው ቀቧቸው፤ እኔ ስልኩን ይዤ ልጃቸው ከፐርዝ ያያል። ለቀብሩ የተፈቀደው አሥር ሰው ነበር፤ እኔ ከአሥሩ አይደለሁም፣ ሊሆንም አይገባም። አረጋውያኑን ሳሎን ሰብስበን በካሜራው አየን። ሬሳው መሃል ላይ ነው። ከግራ ሦስተኛው ባዶ ነው፤ ልጆቻቸው አውቀው ነው የተዉት።

ባለፈው እሑድ ያለቀሱት ሴትዮ የእሳቸው ልጅ ናቸው። ካሜራው እንዲቆይ ይፈልጋሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። «አንሡልኝ፣ እናቴን እዚያ ውስጥ ነው የማያት» አሉ። ቆሞሱ ደግሞ፣ አሁን 80 ሊሞላቸው ነው፣ ሌላ ሁለት ቁምስና ተጨምሮባቸዋልና በየተራ ነው የሚቀድሱት፤ ካሜራው ከተነሣ በሁለቱ እሑድ ሰው ምን ያያል?


ኬሪ ገበሬ ቤት

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ምን ተወሰነ?


የሜዮ አስታማሚ

ካሜራው ይቆያል፣ ግን በሬሳ ጊዜ ቤተሰቡ ካልፈቀደ ይጠፋል ተባለ። ለግማሽ ሰዓት ከተጨቃጨቅን በኋላ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሥተው «እኔ ኢንተርኔት የለኝም፣ ሬዲዮውንስ ታነሣላችሁ ወይ?» አሉ። ቅዳሴው በትንሽ ማሰራጫ በሬዲዮም ይተላለፋል፤ ለካ እሱን ሁላችንም ረስተነው ነበር።


እምድብር ነው ቤቴ

ሬዲዮውስ?


የሜዮ አስታማሚ

ማንም አይነካውም። ሽማግሌው ባትሪ ብቻ ነው የጠየቁት። ባለፈው ወር ቆሞሱ ከቅዳሴ በኋላ ድምፅ ማጉያውን ሳያጠፉ ወደ ዕቃ ቤት ገብተው ከሳክሪስታኑ (ከዕቃ ቤቱ ጠባቂ) ጋር ስለ አንዲት ጊደር ዋጋ ሲከራከሩ ቁምስናው በሙሉ ሰምቷል። ሁለት ሰዎች ደውለው ከዚያ የተሻለ ዋጋ አቀረቡ።